በእርሳስ የቀረ መልስ

ልጄ ና አለችኝ፤ አልሄድኩም። ነገሩ ይኸው ነው፤ ከዚህ በኋላ የማወራችሁ እንዴት እንደዚያ እንደሆነ ነው። ሰው ተኳርፎ ይቀራል፣ ሥራ በዝቶበት ይቀራል፣ እግሩን አሞት ይቀራል። እኔን ያስቀረኝ አራት ቃል የነበረውን መልእክቷን ከሚገባው በላይ ጠልቄ ማንበቤ ነው። ስትሰሙት ፈገግ ልትሉ ትችላላችሁ፤ አይከፋኝም። እሷም ፈገግ ብላበት ነበር አሉኝ።

ፀጉር አስተካካይ ነበርኩ። ሁለት ወንበር፣ ጥጉ ላይ የተሰነጠቀ አንድ መስታወት፣ ደንበኛ ተራ የሚጠብቅበት አንድ ረጅም አግዳሚ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ከዚያ ወዲያ የተማርኩትን የተማርኩት ደንበኞች ጥለውት ከሚሄዱት ጋዜጣ ነው፤ እሱንም ከመጨረሻው ገጽ፣ የቃላት እንቆቅልሽ ከሚወጣበት። ጥቁርና ነጭ ሳጥን ተደርድሮ አግድምና ቁልቁል የሚሞላውን ታውቁታላችሁ። የእኛ ጋዜጣ ግን ተራ ጥያቄ አይጠይቅም ነበር። አዘጋጁ ተንኮለኛ ነበር።

አፈታቱን ያስተማረኝ አንድ ጡረተኛ መምህር ነው። ሦስት ፀጉር ብቻ የቀረችው ሰው ነው፤ ግን በየሳምንቱ ይመጣል። «በስማቸው ነው የማውቃቸው፤ አንዷን እንዳታጎድልብኝ» እያለ ይቀመጣል። አንድ ቀን ጋዜጣውን ጭኑ ላይ ዘርግቶ አነበበልኝ፦ «መዝጊያው ከእርሻ ከብት ጋር ቢጋጭ ዓይን ያስለቅሳል። አራት ፊደል።»

«ከብቱን ዓይኑን መታው?» አልኩት።

«ከብት የለም። መዝጊያም የለም። ይሄ አዘጋጅ ውሸታም ነው፤ ግን ሐቀኛ ውሸታም። መዝጊያ ሌላ ስሙ ማን ነው?»

«በር።»

«የሚያርሰው ከብትስ?»

«በሬ።»

«በል አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጣቸው።»

መቀሱ እጄ ላይ ቀረ። በርበሬ። እናንተ ልጆች፣ ሰው በዚያ ዕድሜው እንደዚያ ያለ ደስታ ማግኘቱ ያሳፍራል፤ ግን ደስ አለኝ። መምህሩ በመስታወቱ ውስጥ እያየኝ፣ «ዓረፍተ ነገሩ የሚልህን እንዳታምን» አለኝ። «ላይ ላዩን የሚታየው አንተን ለማሳሳት ነው የተጻፈው። ቃላቱን ለያይተህ እያቸው።»

ይህን ምክር አጥብቄ ያዝኩት።

ልጄ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እናቷ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበርና ቤት የሚጠብቃት ሰው ስለሌለ ከትምህርት ቤት በቀጥታ እኔ ጋ ትመጣለች። አግዳሚው ጫፍ ላይ ቦርሳዋን አቅፋ ትቀመጣለች። ቦርሳው ውስጥ ከደብተሮቿ ሥር አንድ የጨርቅ ድብ አለ፤ እናቷ ከአሮጌ ካፖርቴ ገበር የሰፋችላት፣ አንድ ጆሮው ከሌላው የሚበልጥ። ማንም እንዲያየው አትፈልግም። እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው።

መምህሩ አንድ ደንብ ነበረው። ፊደሉ ስለገጠመ ብቻ የተገኘ መልስ በእርሳስ ይጻፋል። ለምን እንደሆነ ሲገባን ብቻ በላዩ ላይ በእስክሪብቶ እንሄድበታለን። ልጄ ይህን ደንብ ስትሰማ ዓይኗ በራ። እስክሪብቶውን እኔ ልያዝ አለች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ሳይፈቀድለት እስክሪብቶ አልነካም። ደንበኞቹ ስም አወጡላት፤ «ዳኛዋ» አሏት። ትልቅ ሰው ሁሉ ተላጭቶ ሲያበቃ ሳሙናው ከጆሮው ሥር ሳይደርቅ «ዳኛዋ፣ እስክሪብቶ ይፈቀድልን?» ይላል።

«መንገዱን ንገሩኝ» ትላለች።

የሠፈራችን ሥጋ ሻጭ በጣም ይናደድ ነበር። «ፊደሉ ልክ ከገባ አንቺን ምን ቸገረሽ?»

«ፊደሉ ገብቷል፤ እርስዎ ግን አልገባዎትም።»

አግዳሚው በሳቅ ተንቀጠቀጠ። ሥጋ ሻጩ ራሱ እስኪያስለው ሳቀ፤ በእርሳስም ቀረበት።

ሌላ ደንብ የጨመርኩት እኔ ነኝ። ይሄ የእኔ ነው፤ በማንም አላሳብብም። «የጠየቀ ተሸነፈ» አልኳት። አንዱ የሌላውን መልስ መንገዱን ካላገኘው ቁጭ ብሎ ያስብ፤ «ምን ማለትህ ነው?» ካለ ተሸነፈ። ልጅቷ እንድታስብ ብዬ ነው። ቶሎ ከመጠየቅ ራሷ ትድረስበት ብዬ ነው። እናት የሌላት ልጅ ጠንክራ ትደግ የሚል ሐሳብም ነበረኝ መሰለኝ።

ዘጠኝ ዓመቷ ሳያልቅ የራሷን ፈጠረች። እጅ የተጠረገበት ወረቀት ጀርባ ላይ ጽፋ ኪሴ ውስጥ ከተተችው፦ «በረዶ ሮጦ ሲመጣ መሃል ገብታ የተደበቀች፤ ክንፍ እያላት የማትርቅ። ሁለት ፊደል።» ሁለት ቀን አሰብኩ። ከዚያ ደንበኛ ጭንቅላት ላይ ውሃ እየረጨሁ ሳለ በረዶና ሮጦ ዓይኔ ፊት ተጠጋጉ፤ መሃላቸው ዶሮ ቁጭ ብላለች። ውሃውን የሰውየው አንገት ውስጥ ለቀቅኩት።

እንዲህ እያልን አደገች። ተማረች፤ አገባች፤ በአውቶቡስ አራት ሰዓት በሚያስሄድ ከተማ ኑሮዋን ጀመረች፤ እዚያም ካርታ የሚነድፍ መሥሪያ ቤት ገባች። ስትሄድ ሻንጣዋን ያሰርኩላት እኔ ነኝ። ድቡን ከሹራቦቿ መሃል አየሁት፤ እንዳላየ ሆንኩ።

ስልክ ላይ ጆሮዬ አይረዳኝም። የፀጉር መቁረጫው ቶንዶስ ከጆሮዬ አጠገብ ሠላሳ ምናምን ዓመት ጮኾበታል። ስለዚህ መልእክት እንድጽፍ አስተማረችኝ። ከዚያ በየሳምንቱ ረቡዕ፣ በምሳ ሰዓት፣ አንድ ፍንጭ ትልክልኛለች። እስከ ቅዳሜ ማታ ጊዜ አለኝ። መልሱን ብቻ ነው የምልከው። ልክ ከሆነ አንድ ቃል ትመልስልኛለች፦ «እስክሪብቶ።» እኔም ደብተሬ ላይ በእስክሪብቶ እሄድበታለሁ። እሷም የራሷ ደብተር አላት፤ የላከችውን ሁሉ ከነመልሱ የምትይዝበት። ስንገናኝ ሁለቱን ደብተሮች ጎን ለጎን አድርገን እናያቸው ነበር። ሌላ አባትና ልጅ ፎቶ እንደሚያዩት።

ሥራ ያገኘች ጊዜ እንኳ በፍንጭ ነው የነገረችኝ። «ራስ ዞረ፤ አገኘሁም። ሁለት ፊደል» ብላ ላከች። እኔ ሞኙ ግማሽ ቀን ሙሉ ራሷን አዞራት፣ ታመመች ብዬ ተጨነቅኩ። የአንዱን ደንበኛ ቅንድብ ልላጨው ምንም አልቀረኝም። ራስ ሲገለበጥ ስራ እንደሚሆን የታየኝ ከሰዓት በኋላ ነው። መልሱን ስልክላት «እስክሪብቶ» አለች፤ ቀጥላም፣ «ተራውን ካመንክማ ተሸወድክ አባባ» አለችኝ።

ይህንንም ያዝኩት።

ያ ረቡዕ የዝናቡ ወቅት ረቡዕ ነበር። ደንበኛ አልነበረም። በስድስት ሰዓት ተኩል ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ተንጫጫ። እንዲህ ይላል፦

«እሑድ ብትመጣ ደስ ይለኛል።»

ሌላ ነገር የለውም። ስንት ፊደል እንደሆነ አልተጻፈም። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ፤ በሃያ ምናምን ዓመት ውስጥ አንድ ቀን የፊደሉን ቁጥር ረስታ አታውቅም። እኔ ግን ምን አልኩ? «ዛሬስ አጠበቀችው» አልኩ። ቁጥሩን የደበቀችው ልታከብድብኝ ነው ብዬ እጄን አፋተግኩ። ደብተሬን አውጥቼ ቃላቱን አራርቄ ጻፍኳቸው።

ከጎኔ ሱቅ ያላት ልብስ ሰፊ ትንሿ ጠረጴዛዬ ላይ ጎንበስ ብዬ ስታየኝ ገባች። ሜትሯ እንደ ወትሮው አንገቷ ላይ ነው።

«ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ላከችልዎት?»

አሳየኋት። አንዴ አየችና ስልኩን መለሰችልኝ።

«ይኼማ ኑ ነው የምትልዎት።»

«አንቺ ላይ ላዩን ነዋ የምታዪው።»

«ከላይስ ሌላ ምን አለው? እሑድ ይሂዱ። እኔ ሱቁን አይልዎታለሁ።»

«ይሄ የእኔና የሷ ነው፤ አይገባሽም» አልኳት። በቁጣ አይደለም፤ በኩራት ነው። ከቁጣ የሚብሰው እሱ ነው። እሷም፣ «እሺ እንግዲህ፣ የሚገባዎት እርስዎ» ብላ ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች። ትንሽ ቆይቶ የመኪናው ድምፅ በግድግዳው ውስጥ ተሰማ፤ እኔም ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ረቡዕን፣ ሐሙስን፣ ዓርብን ደከምኩበት። ገለበጥኩት፣ አልሆነም። የመጀመሪያ የመጀመሪያ ፊደላቸውን ሰበሰብኩ፣ ትርጉም አልሰጠም። ቅዳሜ ጠዋት የበረዶና የሮጦ ነገር ትዝ አለኝ። እሑድ ካለቀበት ብትመጣ እስከሚጀምርበት ተመለከትኩ። ድ። ብ። ድብ።

የሚቀረው ፍቺው ነው፤ ደህና ፍንጭ ሁልጊዜ የመልሱን ፍቺ አንዱ ጫፉ ላይ ያስቀምጣል። «ደስ ይለኛል።» እሷን ደስ የሚላት ድብ የቱ ነው? እሱን ከእኔ በቀር ማን ያውቃል? አንድ ጆሮው የሚበልጠው፣ ከካፖርቴ ገበር የተሰፋው። እንባ በዓይኔ መጣ። ይህን ያህል ዓመት ቆይታ፣ ከመጀመሪያው የልጅነት ዘዴዋ ጋር እናቷን አስታውሳ ላከችልኝ ብዬ። ከዚህ ያማረ አልሠራችም አልኩ። አያችሁ፣ መንገዱ ሁሉ ተገኝቶለታል። ምንም የጎደለው ነገር የለም። ደብተሬ ላይ ፈቃድ ሳልጠብቅ በእስክሪብቶ ጻፍኩት፤ ከዚያ ላክሁላት።

«ድብ።»

መልሱ ወዲያው ይመጣ ነበር፤ ያን ቀን ዘገየ። ሱቁን ጠርጌ፣ ፎጣዎቹን አጥቤ አስጥቼ ስመለስ ነው የመጣው።

«ጎበዝ አባባ።»

እስክሪብቶ አላለችም። ይህንንም አላየሁትም። ጎበዝ መባሌን ብቻ ነው ያየሁት። እሑድን ቤቴ ሆኜ ዝናቡን ስሰማ ዋልኩ፤ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ይህቺን ደስታ ከራሴ ላይ ማውለቅ ቢቻል አውልቄ እጥላት ነበር።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ መምህሩን እያስተካከልኩ ነው። ሁለቱ ፀጉሮች ሸብተው አንዷ ብቻ ጥቁር ቀርታለች፤ እሷን ሲያሞግሳት ልብስ ሰፊዋ ገባች። በሩ ላይ አልቆመችም። በቀጥታ ወደ ግድግዳው ሄዳ የቶንዶሱን ገመድ ነቀለችው። ድምፁ ጠፋ። ከዚያ ፊቴ ፊት ቆመች፤ አፏን እንዳይ፣ ጆሮዬ እንዳይስተው።

«የልጅዎ ባል እኔ ጋ ደውሎ ነው። ዛሬ ጠዋት ቀዶ ጥገና ገብታ ነበር። ልቧን ነበር የሚያማት። አልወጣችም፣ ጋሼ።»

እንዲህ ነው ያለችኝ። አላድበሰበሰችም፤ እግዜር ይስጣት። እኔ ግን ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ። ቆሜ ቃላቱን ለያየኋቸው። «አልወጣችም» የሚለውን ይዤ ከጀርባው ምን እንዳለ ፈለግኩ። መምህሩ ነጩን ጨርቅ አንገቱ ላይ እንዳደረገ ተነሥቶ እጄን ያዘኝ። «ተወው» አለኝ። «ይሄ የሚለውን ነው የሚለው።»

ከቀብሩ በኋላ ቤቷ ሦስት ቀን ቆየሁ። ንጹህ ቤት ነው። ጠረጴዛዋ ላይ ያልጨረሰችው ካርታ ተዘርግቷል፤ አንድ ወንዝ ከግማሹ ይቆማል። ባሏ ዝምተኛ ሰው ነው፤ እንቆቅልሽ አይወድም፤ እኔንም እሷንም «እናንተ» እያለ በአንድ ላይ ነበር የሚጠራን። በሦስተኛው ቀን ከሆስፒታል የመለሱለትን ሻንጣ ሶፋው ላይ አስቀምጦ ሲከፍተው ተቀምጬ አየሁ። ነጠላ ጫማ። ማበጠሪያ። ደብተሯ። ከታች፣ በሹራብ ተጠቅልሎ፣ ድቡ።

«ለምን አልነገራችሁኝም?» አልኩት።

«እኔማ ረቡዕ ቀጥ አድርገሽ ንገሪያቸው አልኳት። 'በስልክ አይሰማኝም፤ በጽሑፍ ደግሞ አስደነግጠዋለሁ። ይምጣ፤ እሑድ ፊት ለፊት ተቀምጬ እነግረዋለሁ' አለች።» ማበጠሪያዋን አንሥቶ አየ። «ከዚያ የእርስዎ መልስ መጣ።»

«ምን አለች?»

«ቅዳሜ ብዙ ቁጭ ብላ አየችው። 'ድብ ምን ማለቱ ነው?' ትላለች። ደውዪና ጠይቂያቸው፣ ጎረቤታቸው ጋ ደውዪ፣ አልኳት። 'መጠየቅ አይቻልም' አለችኝ። ደንብ አለን አለች።»

ዓይኔን ወደ ደብተሯ መለስኩ።

«መልሱ ባይገባትም 'ጎበዝ አባባ' ብላ ጻፈችልዎት። እሑድ ጠዋት፣ 'አገኘሁት' አለችኝ። 'ድብ በብርድ ጊዜ ከጉድጓዱ አይወጣም። አልመጣም ማለቱ ነው። ወገቡን አሞት ይሆናል' ብላ ፈገግ አለች። አልከፋትም፣ አባቴ፤ ልዋሽዎት አይደለም። ማታ ግን ድቡን ከመደርደሪያው አውርዳ ሻንጣው ውስጥ ስትከተው አየኋት።»

«ምን ብላ?»

«ምንም አላለች። እኔም አልጠየቅኳትም።»

ደብተሯን ተቀበልኩት። መጨረሻ የተጻፈበትን ገጽ ገለጥኩ። ከላይ እስከ ታች የፍንጮቿ መልስ ሁሉ በሰማያዊ እስክሪብቶ ነው። በመጨረሻው መስመር ላይ፣ ፍንጭ በሚጻፍበት ቦታ፣ ምንም የለም፤ ፍንጭ አልነበረማ። በመልሱ ቦታ ግን ሁለት ፊደል አለች። ድብ። በእርሳስ ነው፤ ቀስ ተብላ የተጻፈች። መንገዱ አልገባትም ማለት ነው። አልመጣም ማለቱ ነው ያለችው እንኳ እስክሪብቶ አላሰጣትም።

ባሏ በትከሻዬ በኩል አየ።

«ለመሆኑ ግን፣ ድብን ከየት አመጡት?»

ስልኬን አወጣሁ። መልእክቷን ከፍቼ በጣቴ አሳየሁት፤ እዚህ እሑድ ያልቃል፣ እዚህ ብትመጣ ይጀምራል፣ እነዚህን ሁለቱን አንድ ላይ አንብባቸው። አጎንብሶ አየ። ብዙ ጊዜ ፈጀበት። ፊደሎቹን ሲያገኛቸው ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«እሷ እኮ» አለ፣ «ና ብቻ ነው ያለችው።»

«አዎ» አልኩት።

ከኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ ዘረጋልኝ። መንገዱ አሁን ከታወቀ በላዩ ላይ እንድሄድበት ብሎ መሆኑ ገባኝ፤ ደንባችንን ያን ያህል ከሩቅ ያውቀው ነበር። እጄን አላነሣሁም። የእኔ ደብተር ላይ ድብ በእስክሪብቶ አለ፤ ብፍቀው ወረቀቱ ይቀደዳል እንጂ አይለቅም። የእሷ ላይ በእርሳስ አለ። ድቡን ሻንጣ ውስጥ ስትከት ያሰበችውን የሚነግረኝ ስለሌለ እንደዚያው ይቀራል።

አሁን ሱቁን ትቼዋለሁ፤ እጄ ይንቀጠቀጣል። ጋዜጣም አልገዛም። እሑድ እሑድ በጠዋቱ አውቶቡስ ተሳፍሬ እሷ ቤት እሄዳለሁ። ባሏ በሩን ይከፍትልኛል፤ ወንበር ወደ መስኮቱ ያስጠጋል፤ ፀጉሩን ቀስ ብዬ አስተካክለዋለሁ። እጄ ሲስት ዝም ይላል። ያ የካርታዋ ወንዝ እስካሁን ጠረጴዛው ላይ ከግማሹ ቆሟል።

እናንተ ልጆቼ፣ አንዳችሁ ና ካላችሁኝ የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ብቻ ነው። የት ነው፣ ስንት ሰዓት ነው።